የቀበቶ ማዕረግ (ማርሻል አርት)

የቀበቶ ማዕረግ በጁዶ፣ በካራቴ፣ በቴኳንዶና በመሳሰሉት የማርሻል አርት ዓይነቶች የሠልጣኙ የችሎታ ደረጃ ወገቡ ላይ በሚታጠቀው ቀበቶ ቀለም የሚታወቅበት ሥርዓት ነው። ጀማሪ ነጭ ይታጠቃል። በየጊዜው እየተፈተነ ወደ ቢጫ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ቀይ ወይም ቡናማ ይሸጋገራል፤ ከእነዚህ በኋላ ጥቁር ይመጣል። የቀለማቱ ዓይነትና ቅደም ተከተል እንደ ስፖርቱ፣ እንደ አገሩና እንደ ማኅበሩ ይለያያል።

ሥርዓቱ ብዙ ጊዜ ጥንታዊ የእስያ ቅርስ ተደርጎ ይታሰባል። እንዲያውም ጥቁር ቀበቶ ከ140 ዓመት ብዙም አይበልጥም፤ ባለ ቀለም ቀበቶዎች ደግሞ ከዚያም ያነሰ ዕድሜ አላቸው። ሁሉንም ማኅበራት የሚገዛ አንድ ዓለም አቀፍ መለኪያም የለም። አንድ ቀበቶ ዋጋ የሚኖረው ማዕረጉን የሰጠውን አካል በሚያውቁና በሚቀበሉ ሰዎች ዘንድ ነው። ይህ ነጥብ በተለይ ሁለት ዓይነት ቴኳንዶ ጎን ለጎን በሚሠለጥኑባት ኢትዮጵያ ለሠልጣኞች ተግባራዊ ትርጉም አለው።

በዚህ መጣጥፍ የተጠቀሱት ዓመታት በተለየ ካልተገለጸ በቀር በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

ኪዩ፣ ኩፕ እና ዳን

ከጥቁር ቀበቶ በታች ያሉት ደረጃዎች በጃፓንኛ «ኪዩ»፣ በኮሪያኛ «ኩፕ» ይባላሉ። ከጥቁር ቀበቶ ጀምሮ ያሉት በሁለቱም ቋንቋዎች «ዳን» ይባላሉ። አቆጣጠሩ ጀማሪን ማደናገሩ አይቀርም፤ ምክንያቱም ኪዩ ከትልቅ ቁጥር ወደ ትንሽ፣ ዳን ግን ከትንሽ ወደ ትልቅ ይቆጠራል። በቴኳንዶ አዲስ ገቢ 10ኛ ኩፕ ነው። እየተሻሻለ ሲሄድ 9ኛ፣ 8ኛ እያለ ወደ 1ኛ ኩፕ ይደርሳል፤ ከዚያ ፈተናውን ሲያልፍ 1ኛ ዳን ሆኖ ቆጠራው ወደ ላይ ይጀምራል። በሁለቱ መካከል ዜሮ የሚባል ደረጃ የለም። ስለዚህ አንድ ሰው «አንደኛ ነኝ» ቢል ኩፕ ይሁን ዳን ካልተጠየቀ ምንም አልተናገረም ማለት ነው።

በጃፓንኛ የመጀመሪያው ዳን «ሾዳን» ይባላል። «ሾ» መጀመሪያ ማለት ነው። በሕዝብ አነጋገር «ጥቁር ቀበቶ» የችሎታ ጣሪያ ተደርጎ ቢወሰድም፣ በሥርዓቱ ውስጥ ግን መሠረታዊ ትምህርቱን የጨረሰና አሁን በቁም ነገር መማር የሚችል ሰው ምልክት ነው። በትምህርት ቤት ቋንቋ ፊደል ቆጥሮ ማንበብ እንደጀመረ ተማሪ ቢታሰብ ከምሩቅነት ይልቅ ለእውነታው ይቀርባል።

ከቀበቶ በፊት

ከዘመናዊው ሥርዓት በፊት በጃፓን የነበሩት የሰይፍ፣ የጦርና የጁጁትሱ ትምህርት ቤቶች ቀለም አልነበራቸውም። መምህሩ ለደቀ መዝሙሩ የሚሰጠው ጽሑፍ ነበር። ተማሪው የተወሰነ ያህል ሲማር የተማራቸው ስልቶች ዝርዝር የሰፈረበት ጥቅልል ይቀበላል፤ ሲበስል «መንኪዮ» የተባለ ፈቃድ ያገኛል፤ የትምህርት ቤቱን ምሥጢር በሙሉ የተረከበ ደግሞ «መንኪዮ ካይደን» ይሰጠዋል። ደረጃዎቹ ጥቂት፣ በመካከላቸው ያለው ጊዜም ረጅም ነበር። አንድ ተማሪ አምስትና ስድስት ዓመት ምንም አዲስ ምልክት ሳያገኝ ሊሠለጥን ይችል ነበር።

የዳን አቆጣጠር የመጣው ከጦር ሜዳ ሳይሆን ከጨዋታ ሰሌዳ ነው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ሆንኢንቦ ዶሳኩ የተባለው የጎ ጨዋታ ሊቅ ተጫዋቾችን በዳን የሚመድብ ሥርዓት ዘርግቶ ነበር። ጎ በጥቁርና በነጭ ጠጠሮች የሚጫወቱት ጨዋታ ሲሆን፣ በሁለት ተጫዋቾች መካከል ያለውን የችሎታ ልዩነት አስቀድሞ ማወቅ ደካማው ስንት ጠጠር በቅድሚያ እንደሚሰጠው ለመወሰን ያስፈልግ ነበር። ዳን እንግዲህ ሲወለድ የሥራ መሣሪያ ነበር።

ካኖ እና የመጀመሪያው ጥቁር ቀበቶ

ጂጎሮ ካኖ ጁዶን በ1882 ቶኪዮ ውስጥ በሚገኝ ኤይሾጂ በተባለ የቡድሂስት ቤተ መቅደስ ሲጀምር የ21 ዓመት ወጣት ነበር። ትምህርት ቤቱን ኮዶካን ብሎ ሰየመው። ካኖ ከምንም በላይ የትምህርት ሰው ነበር፤ በኋላ የቶኪዮ ከፍተኛ የመምህራን ማሠልጠኛ ኃላፊ ሆኖ ለብዙ ዓመታት ሠርቷል፤ በ1909 ደግሞ የዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ የመጀመሪያው እስያዊ አባል ሆኗል። የማዕረግ ሥርዓቱም የመምህር ሐሳብ ነው፦ ተማሪ በረጅም ጉዞ ላይ ተስፋ እንዳይቆርጥ በመንገዱ ላይ ምልክት ማኖር።

በ1883 ሽሮ ሳይጎና ቱነጂሮ ቶሚታ የተባሉ ሁለት ተማሪዎቹን በጁዶ ታሪክ የመጀመሪያዎቹ ባለ አንደኛ ዳን አደረጋቸው። ያኔ ግን የሚታጠቁት የተለየ ነገር አልነበረም። ባለ ዳኖች በጥቁር መታጠቂያ መለየት የጀመሩት በ1880ዎቹ አጋማሽ ገደማ ነው። ዛሬ የሚታወቀው ወፍራም የጥጥ ቀበቶና ነጭ ልብስም የተስተካከለ መልኩን የያዘው በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ነው።

በኮዶካን ሥርዓት ከ1ኛ እስከ 5ኛ ዳን ጥቁር፣ ከ6ኛ እስከ 8ኛ ቀይና ነጭ፣ 9ኛና 10ኛ ቀይ ይታጠቃሉ። ኮዶካን 10ኛ ዳን ሲሰጥ እጁ በጣም ቁጥብ ነው፤ እስከ 2006 ድረስ ማዕረጉን ያገኙት 15 ሰዎች ብቻ ነበሩ።

ቀለማቱ ከየት መጡ

በጃፓን ነጭ፣ ቡናማና ጥቁር ብቻ ለረጅም ጊዜ በቂ ሆነው ቆይተዋል። ቀለማቱ የበዙት አውሮፓ ውስጥ ነው። በለንደን የሚገኘው ቡዶክዋይ የተባለው የጁዶ ክለብ በ1920ዎቹ ባለ ቀለም ቀበቶ መጠቀም ጀምሮ ነበር። አሠራሩን በስፋት ያስለመደው ግን በ1935 ፓሪስ የገባው ሚኪኖሱኬ ካዋይሺ ነው። ካዋይሺ ፈረንሳውያን ተማሪዎቹ እድገታቸውን በዓይን ማየት እንደሚሹ ተረዳ። የጃፓኑ ተማሪ መምህሩን አምኖ ዓመታት ይጠብቃል፤ የፓሪሱ ተማሪ ግን ከሥራ ሲወጣ በሳምንት ሁለት ቀን ጎራ የሚል፣ ለእያንዳንዱ ትምህርት የሚከፍልና ውጤቱን የሚጠይቅ ነበር። ከነጭ እስከ ጥቁር ያለው ርቀት ተቆራርጦ ቢጫ፣ ብርቱካናማ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊና ቡናማ ገቡበት። ጁዶ በፈረንሳይ በፍጥነት ተስፋፋ፤ ፈረንሳይ እስከ ዛሬ ከዓለም የጁዶ ኃያላን አንዷ ናት።

ስለ ጥቁር ቀበቶ አመጣጥ በየክለቡ የሚነገር አንድ ታሪክ አለ። «ጥንት ቀበቶ አይታጠብም ነበር፤ ነጩ ቀበቶ በላብ፣ በአፈርና በሣር እያደፈ ቢጫ፣ አረንጓዴ፣ ቡናማ፣ በመጨረሻም ጥቁር ሆነ» ይባላል። ታሪኩ ያምራል፣ ግን እውነት አይደለም። ጥቁሩ በቀጥታ ከነጭ ቀጥሎ የመጣ ሲሆን የመካከሎቹ ቀለማት ከአርባ ዓመት ገደማ በኋላ በሌላ አህጉር የተጨመሩ ናቸው። ከዚህም ሌላ ልብሱን አጥቦ ቀበቶውን ብቻ አሳድፎ የሚይዝ ጂም አልታወቀም። ቀለማቱ ከብሩህ ወደ ጥቁር መሄዳቸው ግን አንድ ጥቅም አለው፤ ያው አንዱ ቀበቶ በየደረጃው ወደ ጠቆረ ቀለም እየተነከረ ሊያገለግል ይችላል።

ወደ ካራቴ መሻገር

ካራቴ የኦኪናዋ ደሴቶች ጥበብ ሲሆን በትውልድ አገሩ ቀበቶም ዳንም አልነበረውም። ጊቺን ፉናኮሺ ካራቴን ለማስተዋወቅ በ1922 ወደ ቶኪዮ ሲመጣ ካኖ በኮዶካን እንዲያሳይ ጋበዘው፤ በዚህም በሁለቱ መካከል መከባበር ተፈጠረ። ፉናኮሺ የጁዶን ልብስና ማዕረግ ወርሶ በሚያዝያ 1924 ለመጀመሪያዎቹ ተማሪዎቹ ዳን ሰጠ። ካራቴ በጃፓን ተቀባይነት እንዲያገኝ ይህ ሳይረዳው አልቀረም፤ ዳን ያለው ጥበብ በጃፓናውያን ዓይን ከመንደር ድብድብ የተለየ፣ ሥርዓት ያለው ትምህርት መስሎ ይታይ ነበር። ራሱ ፉናኮሺ ከማን ዳን እንደተቀበለ መጠየቅ ተገቢ ነው። መልሱ ከማንም የሚል ነው። በየስፖርቱ የመጀመሪያው ማዕረግ ሰጪ ምንጊዜም ማዕረግ የሌለው ሰው ነው፤ ሥልጣኑ የሚመነጨው ተማሪዎቹ ስላመኑበት ነው።

በቴኳንዶ

ቴኳንዶ የሚለው ስም በኮሪያ የወጣው በ1955 ሲሆን፣ ስሙን በማውጣት የሚታወቀው ጄኔራል ቾይ ሆንግ ሂ ነው። ቾይ በጃፓን ተማሪ በነበረበት ጊዜ ካራቴ ተምሯል፤ ስለዚህ ዳንና ቀበቶ በዚያው መንገድ ወደ ኮሪያ ተሻግረዋል። በ1966 ዓለም አቀፉን የቴኳንዶ ፌዴሬሽን (አይቲኤፍ) መሠረተ።

በአይቲኤፍ ሥርዓት 10 ኩፖች አሉ። 10ኛው ነጭ፣ 8ኛው ቢጫ፣ 6ኛው አረንጓዴ፣ 4ኛው ሰማያዊ፣ 2ኛው ቀይ ነው። በየመካከሉ ያሉት ደግሞ የቀጣዩ ቀለም ጭረት በጫፉ ላይ ያለበት ቀበቶ ነው፤ ለምሳሌ 9ኛ ኩፕ ባለ ቢጫ ጭረት ነጭ፣ 1ኛ ኩፕ ባለ ጥቁር ጭረት ቀይ ይታጠቃል። ለቀለማቱ የተሰጠው ፍቺ ከእርሻ ጋር የተያያዘ ነው። ነጭ ገና ምንም ያልተዘራበት ንጽሕና ነው። ቢጫ ተክሉ ሥር የሚሰድድበት አፈር፣ አረንጓዴ ቡቃያው፣ ሰማያዊ ተክሉ የሚያድግበት ሰማይ ነው። ቀይ አደጋን ያመለክታል፤ ሠልጣኙ ራሱን እንዲገዛ፣ ተጋጣሚውም እንዲጠነቀቅ ያሳስባል። ጥቁር የነጭ ተቃራኒ በመሆኑ የብስለት ምልክት ነው።

እያንዳንዱ ደረጃ «ቱል» የሚባል የራሱ የተቀናበረ የእንቅስቃሴ ቅደም ተከተል አለው። የመጀመሪያው ቾንጂ 19 እንቅስቃሴዎች ሲኖሩት ቀጣዩ ዳንጉን 21፣ ዶሳን 24፣ ዎንህዮ 28 አላቸው። ቁጥሩ ሁልጊዜ እየጨመረ አይሄድም። ጁንግጉን የተባለው ቱል 32 እንቅስቃሴዎች ያሉት በ1910 የተገደለው ኮሪያዊው አርበኛ አን ጁንግጉን ሲሞት የነበረውን ዕድሜ ለማስታወስ ነው። ስለዚህ ፈተና የሚወስደው ተማሪ የቱሉን እንቅስቃሴ ብቻ ሳይሆን ትርጉሙንም ይጠየቃል። በአጠቃላይ 24 ቱሎች አሉ፤ ቾይ የቀንን 24 ሰዓታት እንዲያመለክቱ አስቦ ያደረገው ነው። ከፍተኛው ማዕረግ 9ኛ ዳን የሆነውም በአንድ አሃዝ ከሚጻፉት ቁጥሮች 9 ትልቁ ስለሆነ ነው።

በአይቲኤፍ ከ1ኛ እስከ 3ኛ ዳን ያለው ረዳት አሠልጣኝ፣ ከ4ኛ እስከ 6ኛ አሠልጣኝ ይባላል። «ማስተር» የሚለው መጠሪያ ለ7ኛና ለ8ኛ ዳን፣ «ግራንድ ማስተር» ደግሞ ለ9ኛ ዳን ብቻ የተከለለ ነው። በኢትዮጵያ ክለቦች «ማስተር» ለማንኛውም አሠልጣኝ የአክብሮት መጠሪያ ሆኖ ሊያገለግል ይችላል። «የኔታ» ወይም «ቲቸር» እንደማለት ሲሆን ነውር የለበትም፤ ነገር ግን መጠሪያውን ከማዕረጉ ጋር ማምታታት አይገባም።

ሁለቱ ቴኳንዶዎችና የኢትዮጵያ ሠልጣኝ

ቾይ ከደቡብ ኮሪያ መንግሥት ጋር ተጣልቶ በ1972 ወደ ካናዳ ሄደ፤ ድርጅቱንም ይዞት ወጣ። በዚያው ዓመት በሴኡል ኩኪዎን የተባለው የቴኳንዶ ማዕከል ተከፈተ፤ በ1973 ደግሞ ዛሬ ወርልድ ቴኳንዶ የሚባለው ሌላ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን ተመሠረተ። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ስሙ አንድ፣ ቤቱ ሁለት ሆነ። ቾይ በ2002 ፒዮንግያንግ ውስጥ ካረፈ በኋላ አይቲኤፍ ራሱ ተከፋፍሎ በዚያው ስም የሚጠሩ ከአንድ በላይ ድርጅቶች ተፈጥረዋል።

በኢትዮጵያ ሁለቱም ይሠለጥናሉ፤ በተለምዶ «ወርልድ ቴኳንዶ» እና «ኢንተርናሽናል ቴኳንዶ» ተብለው ይለያሉ። በልብሳቸው መለየት ይቻላል። የወርልድ ቴኳንዶ ሸሚዝ በጭንቅላት የሚጠለቅና የአንገቱ ቅርጽ ሹል ሲሆን የባለ ዳን አንገትጌ ጥቁር ነው። የኢንተርናሽናሉ ከፊት የሚከፈት ሲሆን የባለ ዳን ሸሚዝ የታችኛው ጠርዝ በጥቁር ይከፈፋል። የግጥሚያ ሕጋቸውም ለየቅል ነው። በወርልድ ቴኳንዶ ፊትን በቡጢ መምታት ክልክል ሲሆን ነጥቡ በአብዛኛው በእግር ይገኛል፤ በኢንተርናሽናሉ ግን የእጅ ጓንት ተደርጎ ፊት በቡጢ ይመታል። በአንዱ ጥቁር ቀበቶ ያለው ሰው በሌላው ሕግ ሲጋጠም ልምዱ ግማሽ በግማሽ ሊከዳው ይችላል።

ኦሊምፒክ የገባው የወርልድ ቴኳንዶው ነው፤ በ1988 በሴኡል ለማሳያ ቀርቦ ከ2000 የሲድኒ ኦሊምፒክ ጀምሮ መደበኛ ውድድር ሆኗል። ኢትዮጵያዊው ሰለሞን ቱፋ በቶኪዮ ኦሊምፒክ ሐምሌ 17 ቀን 2013 ዓ.ም. ከ58 ኪሎ ግራም በታች በሆነው ምድብ የተወዳደረው በዚህ ሥርዓት ነው። በወርልድ ቴኳንዶ ዓለም አቀፍ ውድድሮች ለመሳተፍ የኩኪዎን የዳን ወይም የፑም ምስክር ወረቀት ይጠየቃል። (ፑም ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት በታች ለሆኑ የሚሰጥ ሲሆን ቀበቶው ግማሹ ቀይ፣ ግማሹ ጥቁር ነው።) ስለዚህ በኢንተርናሽናሉ ስምንት ዓመት ሠልጥኖ ሁለተኛ ዳን የደረሰ ወጣት ኦሊምፒክን ካሰበ፣ ችሎታው ምንም ያህል ቢሆን፣ ወገቡ ላይ ያለው ቀበቶ በራሱ በር አይከፍትለትም። ሁለቱ ፌዴሬሽኖች በ2014 ስፖርተኞቻቸው አንዱ በሌላው ውድድር እንዲሳተፉ የሚያስችል ስምምነት ቢፈራረሙም የማዕረግ አሰጣጣቸው ለየብቻው ቀጥሏል። አንድ ልጅ ሲመዘገብ ወላጆቹ ይህን ልዩነት የሚጠይቁበት አጋጣሚ እምብዛም ነው፤ የሚመረጠው ብዙ ጊዜ ለቤት የሚቀርበው ክለብ ነው።

የኩኪዎን የዳን ጉዞ በጊዜ የታጠረ ነው። ከ1ኛ ወደ 2ኛ ዳን ቢያንስ 1 ዓመት፣ ከ2ኛ ወደ 3ኛ 2 ዓመት፣ ከ3ኛ ወደ 4ኛ 3 ዓመት ይጠበቃል፤ እየረዘመ ሄዶ ከ8ኛ ወደ 9ኛ ዳን 9 ዓመት ይሆናል። ማንም ተሰጥኦ ያለው ሰው ይህን ጊዜ በልምምድ ብዛት ማሳጠር አይችልም።

ከአብነት ትምህርት ቤት ጋር ያለው ተመሳሳይነት

በደረጃ መማርና በአንድ ማዕከል ማስመስከር ለኢትዮጵያውያን እንግዳ ነገር አይደለም። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የአብነት ትምህርት ተማሪው ከንባብ ቤት ተነሥቶ ዜማ ቤት፣ ቅኔ ቤትና መጻሕፍት ቤት ይዘልቃል። በቅኔ ቤት ውስጥም ሌላ መሰላል አለ፤ ጀማሪ ሁለት ቤት ባለው ጉባኤ ቃና ይጀምርና በየደረጃው እያደገ ስምንት ቤት እስካለው መወድስ ይደርሳል። ቅኔ ቤቱና የቴኳንዶው ቱል የማይገናኙ ዓለማት ቢሆኑም የማስተማሪያ ስልቱ ግን አንድ ነው፦ አጭሩ ሳይጠና ወደ ረጅሙ አይታለፍም።

ይበልጥ የሚመሳሰለው ምስክርነቱ ነው። ድጓ በየአገሩ ይማሩታል፤ የሚያስመሰክሩት ግን በጋይንት ቤተ ልሔም ነው። ዝማሬና መዋሥዕት በዙር አምባ፣ አቋቋም በጎንደር ይመሰከራል። ከሰሜን ተራሮች ሥር፣ ከደባርቅ ወይም ከሊማሊሞ ግርጌ ከድብ ባሕር የተነሣ ተማሪ በመንደሩ መምህር የቱንም ያህል ቢመሰገን፣ ቤተ ልሔም ወርዶ ካላስመሰከረ በድጓ መምህርነት ወንበር መዘርጋት ይከብደዋል። ቤተ ልሔም ለድጓ፣ ኩኪዎን ለቴኳንዶ የሚሰጡት አገልግሎት ይኸው ነው፤ መምህሩን የማያውቅ ሩቅ ሰው ማዕረጉን እንዲያምን ማድረግ።

ልዩነቱ ምልክቱ ላይ ነው። የድጓ ሊቅ በልብሱ ከሌላው አይለይም፤ መታወቂያው ድምፁ ነው፤ ማኅሌት ሲቆም ይታወቃል። በልብስ የሚገለጽ ደረጃ የሚገኘው በገዳም ነው፤ በምንኩስና ሥርዓት ቅናት፣ ቆብና አስኬማ በየተራ ይሰጣሉ። ቅናት ራሱ መታጠቂያ ነው። እሱ ግን የሚያመለክተው የገቡትን ቃል እንጂ የተፈተኑበትን ችሎታ አይደለም።

ማዕረግ ሰጪው ሲሳሳት

ማዕረግ የሚሰጠው በሰዎች በመሆኑ የሰጪዎቹን አመለካከት ይሸከማል። ለዚህ የኬኮ ፉኩዳን ታሪክ የሚያህል ማስረጃ የለም። ፉኩዳ በ1913 የተወለደች ሲሆን አያቷ ለካኖ ጁጁትሱ ካስተማሩት አንዱ ነበር። ካኖ ራሱ ጋብዟት በ1935 በኮዶካን የሴቶች ክፍል መሠልጠን ጀመረች። በ1953 5ኛ ዳን ደረሰች፤ እዚያ ላይ ቆመች። ሴት ከ5ኛ ዳን በላይ እንዳትወጣ የሚከለክል አሠራር ስለነበር ለ19 ዓመታት ያህል ማዕረጓ አልተነቃነቀም፤ ከእርሷ ዘግይተው የጀመሩ ወንዶች እያለፏት ሄዱ። ተቃውሞ ከተነሣ በኋላ በ1972 6ኛ ዳን ካገኙት የመጀመሪያዎቹ ሴቶች አንዷ ሆነች። በ2006 ኮዶካን 9ኛ ዳን ሰጣት፤ በዚህ ደረጃ የመጀመሪያዋ ሴት ነበረች። በ2011፣ በ98 ዓመቷ፣ የአሜሪካ የጁዶ ድርጅት 10ኛ ዳን አደረጋት። ኮዶካን ግን 10ኛውን አልሰጣትም። በ2013 በሳን ፍራንሲስኮ ስታርፍ በአንዱ ድርጅት መዝገብ 10ኛ፣ በሌላው 9ኛ ዳን ነበረች።

ቀበቶ የሌላቸው

ቦክስ፣ ነፃ ትግልና የታይላንዱ ሙአይ ታይ ያለ ቀበቶ ማዕረግ ይኖራሉ፤ ደረጃ የሚወጣው በውጤት ነው። በኢትዮጵያ የባህል ስፖርቶች ውድድር የሚካሄደው ትግልም እንዲሁ ነው፤ ተጋጣሚዎች በክብደት ይመደባሉ እንጂ ማዕረግ አይሰጣቸውም። በሱርማ የዱላ ግጥሚያ አሸናፊው በትከሻ ተሸክመውት ይታያል፤ ክብሩም በዕለቱ ባሸነፈው ይለካል። በጃፓኑ ሱሞ ደረጃ አለ፣ ግን በእያንዳንዱ ውድድር ማግስት ይወጣል ይወርዳል፤ የማይወርደው ከፍተኛው ዮኮዙና ብቻ ነው፣ እሱም ሲደክም ጡረታ እንዲወጣ ይጠበቃል።

ልዩነቱ መሠረታዊ ነው። በውጤት የሚለካ ደረጃ የዛሬውን አቅም ይነግራል፤ ዳን ግን አንዴ ከተሰጠ አይወሰድም። የ60 ዓመቱ 7ኛ ዳን የ20 ዓመቱን 1ኛ ዳን በግጥሚያ ያሸንፋል ማለት አይደለም። በኬንዶ (በሰይፍ ስልት) ማዕረግ ጨርሶ በልብስ አይታይም፤ ፈተናው ግን ከሁሉም የከበደ ነው። ለ8ኛ ዳን ለመቅረብ ከ7ኛው በኋላ 10 ዓመት መቆየትና 46 ዓመት መሙላት ያስፈልጋል፤ ከ100 ተፈታኞች የሚያልፈው አንድ ገደማ ነው። በብራዚሉ ጁጁትሱ ደግሞ ለአዋቂዎች እስከ ጥቁር ድረስ ያሉት ቀለማት አምስት ብቻ ናቸው (ነጭ፣ ሰማያዊ፣ ሐምራዊ፣ ቡናማ፣ ጥቁር)። እያንዳንዱ ዓመታት ስለሚወስድና ሠልጣኞች በየልምምዱ በሙሉ ኃይል ስለሚታገሉ ቀለሙና ችሎታው ብዙ አይራራቁም። በቻይና ውሹ በ1998 የወጣው ባለ 9 ደረጃ ሥርዓት ቀበቶን ሳይሆን የንስር፣ የነብርና የዘንዶ ምስል ያለባቸውን አርማዎች ይጠቀማል።

ክፍያና ሐሰተኛ ማዕረግ

ካዋይሺ የተማሪን ትዕግሥት ለማገዝ ያበዛቸው ደረጃዎች የገቢ ምንጭም ሆነዋል። እያንዳንዱ ፈተና ክፍያ አለው፤ አዲስ ቀበቶና ምስክር ወረቀትም ይገዛሉ። ክፍያው በራሱ ጥፋት አይደለም፤ ፈታኝ ይደክማል፣ አዳራሽ ኪራይ አለው። ችግሩ የሚጀምረው ማንም የማይወድቅበት ፈተና ሲሆን ነው። በእንግሊዝኛ ተናጋሪ አገሮች እንዲህ ያለውን ክለብ የቀበቶ ፋብሪካ እንደማለት በሆነ የንቀት ስም ይጠሩታል። ጉዳቱ የገንዘብ ብቻ አይደለም፤ በማይገባው ቀበቶ ራሱን መከላከል እንደሚችል ያመነ ሰው መሸሽ በሚገባው ሰዓት ሊቆም ይችላል።

ሠልጣኝ ወይም ወላጅ ለፈተና ከመክፈሉ በፊት ሊጠይቃቸው የሚገቡ ነገሮች ጥቂት ናቸው። ምስክር ወረቀቱን የሚያወጣው ክለቡ ነው፣ ብሔራዊ ፌዴሬሽኑ ነው ወይስ ዓለም አቀፉ ድርጅት? ከጥቁር በታች ያሉትን ደረጃዎች ክለቡ ራሱ መስጠቱ የተለመደ ነው፤ ዳን ግን ከክለቡ በላይ በሆነ አካል መመዝገብ አለበት። ኩኪዎን ለሚሰጠው ዳን ቁጥር ያወጣል፤ ቁጥሩም በድረ ገጹ ላይ ሊጣራ ይችላል። አሠልጣኙ የራሱን ማዕረግ ከማን እንደተቀበለ ሲጠየቅ መልስ ሊኖረው ይገባል። ባለፈው ፈተና የወደቀ ተማሪ እንዳለ መጠየቅም ይቻላል፤ «ማንም ወድቆ አያውቅም» የሚለው መልስ ስለ ክለቡ ብዙ ይናገራል።